ፓኬጅ ከመጨመርዎ በፊት ይለኩ፤ የቤት ዋይፋይ የሚዘገየው የት ላይ ነው?

በከተማችን መኖሪያ ቤቶች “መብራት ጠፋ” ከሚለው ቀጥሎ በብዛት የሚሰማው እሮሮ “ኔትወርኩ ተኝቷል” የሚለው ሳይሆን አይቀርም። ይህን ያለ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ወይ አገልግሎት ሰጪውን ማማረር ወይም ኪሱን መዳበስ ነው። ወርሃዊ ፓኬጁን ከፍ ያደርጋል፤ ካልሆነለትም ባለ ብዙ አንቴና ራውተር ፍለጋ መርካቶ ይወጣል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው የት እንደደረሰ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ችግሩ የት እንዳለ ሳያውቁ መግዛት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ነገሩን በአንድ ገጠመኝ እንጀምር። ይህ ጸሐፊ በሚኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ትኖራለች። ቀን ቀን የአንድ ድርጅት ተቀጣሪ ስትሆን፣ ማታ ማታ ደግሞ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሐበሻ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ያላቸውን የአንዲት እናት ሒሳብ በላፕቶፕዋ ትሠራለች። ደረሰኞቹ በፎቶ ይመጡላታል፤ እሷ መዝግባና አደራጅታ የወሩን መዝጊያ አንድ ላይ ጠቅልላ መልሳ ትልካለች። ጥቅሉ 60 ሜጋባይት ገደማ ነው። የምትልከው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያች ሰዓት ቨርጂኒያ ቀትር ወይም ቀትር አለፍ ያለ ስለሚሆን ደንበኛዋ ተቀብለው ወዲያው ያዩታል።

ሁለት ወር በተከታታይ ጥቅሉ መንገድ ላይ እየተቆረጠ ቀረ። በሦስተኛው ወር ሴትዮዋ ደወሉ። “ልጄ፣ ሥራሽን እወደዋለሁ፤ ግን ታክስ የሚሠራልኝ ሰውዬ ቀን ቆጥሮ ነው የሚጠብቀኝ። ካልተመቸሽ ሌላ ሰው ልፈልግ” አሏት። እንግዲህ የውጭ ምንዛሪ ገቢዋ በአንድ ማስተላለፊያ መስመር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በማግስቱ ፓኬጅዋን ከ10 ሜጋቢት ወደ 20 ለማሳደግና አዲስ ራውተር ለመግዛት ወሰነች። “እስቲ መጀመሪያ እንለካ” አልናት።

ሦስት ቁጥሮች

ከመለካታችን በፊት አንድ የማይቀር ማብራሪያ አለ። ድርጅቶች የሚሸጡልን ፍጥነት በሜጋቢት ሲሆን የምንልከው ፋይል ግን በሜጋባይት ይቆጠራል። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለሆነም የ10 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ የሚያሳልፈው 1.25 ሜጋባይት ብቻ ነው። “10 ገዝቼ 1 ነው የሚሰጡኝ” የሚሉ አንባቢያን አንዳንዶቹ የሚያዩት ይህንኑ ልዩነት ነው፤ ማንም አልሰረቃቸውም። የጎረቤታችን 60 ሜጋባይት 480 ሜጋቢት ይሆናል፤ በሙሉ ፍጥነት ቢሄድ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

የመጀመሪያውን ቁጥር የወሰድነው ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተን ነው። የኔትወርክ ገመድ ማስገቢያ የሌለው ላፕቶፕ ያለው ሰው በዩኤስቢ የሚሰካ ማገናኛ መዋስ ይችላል። በቤቱ ያሉት ስልኮችና ቴሌቪዥኑ ከኔትወርኩ ወጡ። በኢንተርኔት ላይ በነጻ ከሚገኙት የፍጥነት መለኪያዎች በአንዱ ስንለካ መቀበያው 9.6፣ መላኪያው ግን 6 ገደማ ሆነ። ለምን? በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ የሚከፈተው መስኮት የትኛው ፕሮግራም ኔትወርክ እየተጠቀመ እንደሆነ ያሳያል። እዚያ ላይ የተገኘው ጥፋተኛ ፋይሎችን በራሱ ወደ ውጭ ማከማቻ የሚገለብጥ ፕሮግራም ነበር። እሷ ጥቅሉን ስትልክ እሱም እነዚያኑ ደረሰኞች አብሮ ይልክ ኖሯል! ለጊዜው አቆምነውና መላኪያው 9.5 ሆነ። መስመሩ እንግዲህ ጤነኛ ነው፤ የተገዛው ዕቃ እስከ ቤቱ በር ድረስ ሳይጎድል ደርሷል።

ሁለተኛውን ቁጥር ገመዱን ነቅለን እዚያው ሳሎን፣ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ በዋይፋይ ለካን። መላኪያው 5.2 ሆነ። ሦስተኛውን መኝታ ቤት፣ እሷ ከምትሠራበት ጠረጴዛ ላይ ለካን። 1.6 ሆነ። በዚህ ፍጥነት ጥቅሉ ሳይቆረጥ እንኳ ቢሄድ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተወስዶ መታመን ስለሌለበት ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ለክተን መካከለኛውን ወስደናል።

ለስሌት እንዲያመች የወር ክፍያዋን 1000 ብር ነው እንበል። በውሉ መሠረት ለአንድ ሜጋቢት የምትከፍለው 100 ብር ነው። ጠረጴዛዋ ላይ የሚደርሰው ግን 1.6 ስለሆነ የእውነቱ ዋጋ 625 ብር ነው። ፓኬጁን ወደ 20 አሳድጋ ክፍያው እጥፍ ቢሆን መኝታ ቤት የሚደርሰው ያው 1.6 ነው፤ ምክንያቱም ያጠበበው መስመሩ ሳይሆን በሳሎንና በመኝታ ቤት መካከል ያለው አየር ነው። በዚህ ጊዜ የአንዱ ሜጋቢት ዋጋ 1250 ብር ይደርሳል። በኢኮኖሚክስ ማነቆ የምንለው ይኸው ነው። ጣሪያ ላይ ትልቅ ሮቶ የሰቀለ ሰው የቧንቧው ጉሮሮ ከጠበበ ውኃው በዚያው ልክ ነው የሚወርድለት።

ሦስቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ይህን ነው። የመጀመሪያው ከተገዛው በብዙ ካነሰ ጉዳዩ የአገልግሎት ሰጪው ወይም እስከ ቤት የሚመጣው መስመር ነው። የመጀመሪያው ጤነኛ ሆኖ ሁለተኛው ከወደቀ ላፕቶፑን፣ የራውተሩን አሞላል ወይም የጎረቤቶችን ሞገድ መጠርጠር ነው። ሁለተኛው ደህና ሆኖ ሦስተኛው ከወደቀ ርቀትና ግድግዳ ናቸው። በእኛ ቤት ሁለተኛውም ሦስተኛውም ስለወደቁ ሥራው ሁለት ነበር።

በርሜሉና ብፌው

ራውተሩ የተቀመጠው ብፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነበር። “ለዓይን ስለሚያስቀይም” ነው የተባልነው። በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል መታጠቢያ ቤቱ አለ፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንደሚጠበቀው፣ እስከ አፉ የሞላ በርሜል ቆሟል። የዋይፋይ ሞገድ እንጨትና ጂፕሰም በቀላሉ ያልፋል፤ ብረት ያለበት ኮንክሪት ያዳክመዋል፤ ብረታ ብረትና መስታወት ያንጸባርቁታል፤ ውኃ ደግሞ ይውጠዋል። በዚህ ቤት የሞገዱ መንገድ በቴሌቪዥን ጀርባ፣ በግድግዳ፣ በበርሜልና በሌላ ግድግዳ በኩል ነበር። ራውተሩን አውጥተን በመተላለፊያው መደርደሪያ አናት ላይ አስቀመጥነው። ከዚያ ሞገዱ በሩን እንጂ በርሜሉን አያገኝም። የመኝታ ቤቱ ቁጥር ከ1.6 ወደ 3.4 ወጣ። ወጪ፦ አቧራ መጥረግ።

እዚህ ላይ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ያላቸው አንባቢያን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የእነሱ መንገድ ሁለት አየር ያቋርጣል፤ አንዱ ከሞባይል ማማ እስከ ራውተሩ፣ ሌላው ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ። ለመጀመሪያው መስኮት ዳር ይሻላል፤ ለሁለተኛው የቤቱ መሐል ይሻላል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው ቦታ እየቀያየሩ በመለካት ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መስኮቱ ያሸንፋል።

በነገራችን ላይ በሕንፃችን የሚታማው የእንጀራ ምጣድ ነው። “ምጣድ ሲጣድ ዋይፋይ ይሞታል” ይባላል። ምጣዱ ሞገድ አይረብሽም። ኃይል ሲስብ የቤቱ መብራት ደብዘዝ የሚል ከሆነ ግን ራውተሩ ጠፍቶ እንደገና ሊነሳ ይችላል፤ ያ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ነው። ማይክሮዌቭ ግን እውነተኛ ረባሽ ነው፤ የሚሠራው በዋይፋዩ ሰፈር፣ በ2.45 ጊጋኸርዝ ስለሆነ ምግብ እስኪሞቅ ድረስ ሊያውክ ይችላል።

አየሩ የማን ነው?

ወደ ዋናው ማነቆ ደርሰናል። አብዛኛው የቤት ዋይፋይ የሚጠቀምበት 2.4 ጊጋኸርዝ የተባለው የሞገድ ክልል ፈቃድ የማይጠየቅበት የጋራ ሀብት ነው። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ይህንንና መሰሎቹን ክልሎች ያለ ፈቃድ ለመገናኛ አገልግሎት እንዲውሉ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1959 ሮናልድ ኮዝ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስለዚሁ ኮሚሽን በጻፉት ጥናት፣ የሬዲዮ ሞገድ እንደ መሬት የባለቤትነት መብት ተሰጥቶት ሊሸጥና ሊገዛ እንደሚገባው ተከራክረው ነበር። ዋይፋይ የቆመው በተቃራኒው ሐሳብ ላይ ነው፤ ሜዳው የሁሉም ነው። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ጋራ ግጦሽ የጻፉትን ያነበበ ሰው መጨረሻውን ይገምታል። እያንዳንዱ የራሱን ከብት ሲጨምር ሜዳው ይራቆታል።

በስልክ ላይ በነጻ በሚጫን የዋይፋይ መቃኛ ከጎረቤታችን መኝታ ቤት ሆነን ስንመለከት 19 ኔትወርኮች ታዩ። ከእነዚህ ውስጥ 11ዱ በቻናል 6 ላይ የተከመሩ ነበሩ፤ የእሷም እዚያው ነው። በ2.4 ክልል ቻናሎቹ እርስ በርስ ስለሚደራረቡ፣ በወርድ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው።

ዋይፋይ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ተናጋሪ ብቻ ነው የሚፈቅደው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ሌላው ሲያወራ ከሰማ ዝም ይላል፤ ጸጥ ሲል ይናገራል። እንደ ዕድር ስብሰባ ማለት ነው። ስለሆነም በቻናል 6 ያሉት 11 ቤቶች ሁሉም ቪዲዮ በሚያዩበት ምሽት 2 ሰዓት ላይ የጎረቤታችን ላፕቶፕ ተራ ይጠብቃል። ከዚህ የባሰም አለ። ከራውተሩ የራቀ ወይም ያረጀ መሣሪያ ቀስ ብሎ ስለሚናገር፣ ያንኑ ያህል መልእክት ለማስተላለፍ ረጅም ሰዓት መድረኩን ይይዛል። አንድ ኋላ ክፍል የተቀመጠ አሮጌ ስልክ ሌሎቹን ፈጣን መሣሪያዎች ሁሉ ወደ ኋላ ይጎትታል።

ብልጥ ነኝ ያለ ሰው “በ6 እና በ11 መካከል ያለውን 8ን ልያዝ” ይላል። ይህ የተለመደ ስህተት ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ቢያንስ እየተደማመጡ ተራ ይይዛሉ፤ በከፊል የተደራረቡ ቻናሎች ግን አንዱ የሌላውን ንግግር በቅጡ ስለማይሰሙ ጫጫታ ብቻ ይሆኑበታል። በመሐል የገባው ሰው ሁለቱንም ወገን ረብሾ ራሱም አይጠቀምም። ሌላው የስግብግብነት ዓይነት የቻናሉን ስፋት ከ20 ወደ 40 ሜጋኸርዝ ማሳደግ ነው። ራውተሩ ላይ ፈጣን የሚመስለው ይህ ምርጫ በ2.4 ክልል ከሦስቱ መንገዶች ሁለቱን ስለሚዘጋ፣ ብዙ ቤት ባለበት ሕንፃ ለማንም አይበጅም።

ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኙት፣ የጋራ ሀብትን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተስማምተው ሊያስተዳድሩት እንደሚችሉ በማሳየታቸው ነው። ይህን ንድፈ ሐሳብ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቡና ላይ ፈተነው። ስድስት ቤቶች መጡ። ጎን ለጎንና ከላይና ከታች ያሉ ቤቶች የተለያየ ቻናል እንዲይዙ 1፣ 6 እና 11ን ተከፋፈሉ፤ ስፋቱንም ወደ 20 መለሱ። የራውተሩን መግቢያ ይለፍ ቃል የማያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በራውተሩ ግርጌ ተለጥፎ ተገኘ። (ማንም ጎረቤት እንዳይገባበት ይህን ይለፍ ቃል መቀየር ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚቀይረው የዋይፋዩን ብቻ ነው።) ከሦስተኛ ፎቅ የመጡ አንድ አባት ግን “የእኔ ኔትወርክ ደህና ነው፤ ደህናን ነገር አልነካም” ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። የእሳቸው ራውተር ባለ 40 ነው።

ላፕቶፑስ?

የጎረቤታችን ላፕቶፕ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ሲሆን የገመድ አልባ ካርዱ 5 ጊጋኸርዝ አያውቅም። ይህ ክልል ቻናሎቹ ብዙ፣ ጎረቤቱ ጥቂት ነው፤ ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ደካማ ስለሆነም የሰው ሞገድ ቤታችን አይገባም፤ የእኛም ሩቅ አይሄድም። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ማህደረ ትውስታውንና ሃርድ ዲስኩን ሲጠይቅ ዋይፋዩ ሁለቱንም ክልሎች ያያል ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት። ለማያየውም በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ አለ።

ያልጠበቅነው ነገር የተገኘው በላፕቶፑ ግራ ጎን ላይ ነው። ደረሰኞቹ የሚቀመጡበት ተንቀሳቃሽ ዲስክ በዩኤስቢ 3 ተሰክቶ ነበር። ኢንቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንደገለጸው የዩኤስቢ 3 መሣሪያና ገመድ በ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል ጫጫታ ይፈጥራል። ዲስኩን ነቅለን ስንለካ 3.4 የነበረው 4.3 ሆነ። ከዚያ ወዲህ የምትልከውን ፋይል አስቀድማ ወደ ላፕቶፑ ትገለብጥና ዲስኩን ትነቅላለች።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ የዋይፋይ ካርዱን ሊያደክመው ስለሚችል ትልቅ ፋይል ሲልኩ ቻርጀሩን ይሰኩ። የካርዱን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ያድሱ። የራውተሩ የደኅንነት ምርጫ ደብሊዩኢፒ ወይም ቲኪአይፒ በተባሉት አሮጌ ዓይነቶች ላይ ከሆነ ራውተሩ ምንም አዲስ ቢሆን ፍጥነቱ ከ54 ሜጋቢት እንዳያልፍ ይታሰራል፤ ደኅንነቱም የለም። ምርጫውን ወደ ደብሊዩፒኤ 2 ወይም 3 ከኤኢኤስ ጋር መቀየር ነው።

ገበያው ውስጥ

ለማጣራት ያህል ዕቃ ሻጮች ዘንድ ጎራ ብለን ነበር። አንዱ ነጋዴ “ወንድሜ፣ ይቺን ውሰድ፤ ስድስት አንቴና አላት፤ ግድግዳ ትበሳለች” አለን። ስድስት አንቴና ያለው ራውተር ቢጮህ ላፕቶፑ ይሰማው ይሆናል፤ ነገር ግን ላፕቶፑም መልስ መስጠት አለበት፤ የእሱ ድምፅ ደግሞ ያው የድሮው ነው። ፋይል የሚልክ ሰው ችግሩ በዚህ በኩል ነው። “ማራዘሚያ” እየተባለ የሚሸጠውም ቢሆን ርካሹ ዓይነት በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው መልሶ ስለሚናገር ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቆርጠዋል። ሽፋን ለሌለበት ክፍል ይጠቅማል፤ ለተጨናነቀ አየር ግን ተናጋሪ ይጨምራል።

ይህ ጸሐፊ በቅደም ተከተል የሚገዛ ቢሆን መጀመሪያ የሚገዛው የኔትወርክ ገመድ ነው። በግድግዳው ጠርዝ ተወስዶ ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ገመድ ከየትኛውም አንቴና ይበልጣል፤ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው። ከዚያ 5 ጊጋኸርዝ የሚያይ የዩኤስቢ መቀበያ፣ ከዚያ ሁለቱን ክልሎች የሚሠራ ራውተር ይመጣል። ፓኬጅ ማሳደግ የመጨረሻው ነው፤ እሱም በገመድ ሲለካ ሙሉው ፍጥነት ደርሶ አልበቃ ካለ ብቻ።

የመጀመሪያው ቁጥር የወደቀባቸው ሰዎች መንገድ ግን ሌላ ነው። በመዳብ የስልክ መስመር የሚጠቀሙ ከሆነ ወደ ቤት የሚገባውን መገጣጠሚያ ያስፈትሹ፤ በክረምት እርጥበት ሲገባው መስመሩ ይታመማል። ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በገመድ ለክተው ከነሰዓቱ በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። “ይዘገያል” ብሎ ከመደወል “ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ከ10 ወደ 2 ይወርዳል” ብሎ መደወል የሚሰጠው መልስ ይለያል፤ ቢያንስ “ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት” ከሚለው ያሳልፋል።

ከቡናው በኋላ በዚያው ምሽት 2 ሰዓት ላይ የጎረቤታችንን መኝታ ቤት መልሰን ለካን። 4.3 የነበረው 8 ሆነ። የወሩ መዝጊያ በአንድ ደቂቃ ሄደ፤ ቨርጂኒያ ያሉት እናትም “ደርሶኛል” ብለው በድምፅ መልእክት መለሱ። የፓኬጁ ማሳደጊያ ማመልከቻ አልገባም፤ ራውተርም አልተገዛም። ከሦስተኛ ፎቁ አባት ቤት በታች ያሉት ተከራዮች ግን እስካሁን ማታ ማታ ኔትወርካቸው ይተኛል። በሚቀጥለው እሑድ ቡናው የሚጠጣው እሳቸው ቤት እንዲሆን ተጠይቀው እሺ ብለዋል።